ብርድ በኢሜይል የላክሁበት ክረምት

ካፖርት ሰፊ ሆኖ ካፖርት የተመጸወተ ሰው በዚህች ከተማ ከእኔ ሌላ ካለ ይምጣና አብረን እንናደድ። ለብቻዬ ተናድጄ ተናድጄ ደክሞኛል።

ሱቄ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው፤ ዳገቱን ስትወጡ በግራ በኩል፣ በገዛ ግቢዬ ውስጥ፣ ፊቷን ወደ መንገድ ያዞረች አንዲት ክፍል። «በገዛ ግቢዬ» ስል ባለቤቴ አስካለ ከጓዳ ብቅ ትልና «በአባቴ ግቢ» ብላ ታርመኛለች። ይሁን። ግቢው የአባቷ ነው፤ ክፍሏን ልብስ ስፌት ያደረጋት ግን የእኔ እጅ ነው። ስፌት ማንም አላስተማረኝም። በጎረምሳነቴ አንድ አሮጌ የጣሊያን ካፖርት አግኝቼ ክሩን በምላጭ እየፈታሁ፣ ቁራጩን አንድ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ አጠናሁትና መልሼ ሰፋሁት። መልሼ ስሰፋው ከጣሊያኑ በለጠ። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው። የመብራት ገመድ መዘርጋትም፣ ሰዓት መጠገንም፣ እንግሊዝኛም ራሴን በራሴ ነው ያስተማርኩት። በእንግሊዝኛዬ አንዳንድ ሰዎች ግራ ይጋባሉ፤ ችግሩ የእነሱ ነው።

እና እኔ ካፖርት እሰፋለሁ። ወፍራም፣ ገበር ያለው፣ ኮሌታው ሲቆም ጆሮ የሚሸፍን ካፖርት። ዘመኑ ግን ቀላል ነገር ይወዳል። ወጣቱ ሾላ ገበያ ይወርድና ሲራመድ እንደ ፌስታል የሚንኮሻኮሽ ጃኬት ለብሶ ይመለሳል። ከእንጦጦ የሚወርደው ንፋስ በፊቱ ገብቶ በጀርባው ሲወጣ እያየሁት «ጋሼ፣ ደህና አደሩ» ብሎኝ ያልፋል። ደህና አላደርኩም። በዚህ ዓይነት የካፖርቱ መስቀያ ሞላ፤ ከመስቀያው የተረፈው ሳጥን ሞላ። ክረምቱ በገባ ሰሞን አስካለ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ በር ላይ ቆመች።

«አንተ ሰውዬ፣ እነዚህን ለማን ነው የምትሰፋቸው?»

«ለሚበርደው።»

«የሚበርደው ታዲያ የታለ?»

«እየመጣ ነው።»

«እስከ መስቀል ይምጣ። እስከ መስቀል እነዚህ ካፖርቶች ካልወጡ ክፍሏን ለጁስ ቤቱ ልጅ አከራያታለሁ። ነግሬዋለሁ።»

የጁስ ቤቱ ልጅ የምትለው ሚኪያስ የሚባል፣ መሪ በሚባለው ሰፈር ኮንዶሚኒየም ሥር ጁስ የሚሸጥ ጎልማሳ ነው። ሁለተኛ ቅርንጫፍ ሊከፍት ፈልጎ ክፍሏን ሊያይ መጣ፤ ሲመጣም የገዛ ሜትሩን ይዞ ነው። ወደ ልብስ ሰፊ ቤት ሜትር ይዞ መግባት ምን ዓይነት ድፍረት እንደሆነ እናንተ ፍረዱ። ግድግዳውን ለካ፣ በሩን ለካ፣ ከዚያ ወደ ስፌት መኪናዬ በጣቱ እያመለከተ፣ «ጋሼ፣ አቮካዶ መፍጫው እዚህ ጋ ይቆማል» አለኝ። ዕድሜ ልኬን የቆየሁበት ቦታ ላይ አቮካዶ። የአድራሻ ካርዱን ለአስካለ ሰጥቷት ሄደ፤ እሷም እንደ ጠበል ጻዲቅ በሁለት እጇ ተቀበለችው።

ልጃችን ሰናይት መገናኛ አካባቢ ቢሮ ትሠራለች። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ነው የምትውለው። ማታ ጉዳዩን ስትሰማ፣ «አባዬ፣ ማስታወቂያ ሥራ እንጂ» አለችኝ።

«ሰሌዳ አለኝ።»

«ሰሌዳህን የሚያየው በዳገቱ የሚወጣ ብቻ ነው። በኢሜይል ላክ። ውጭ አገር እኮ አየሩ ሲከፋ ነጋዴው ዝም አይልም። በረዶ ሲጥል ስለ በረዶው ይጽፋል። ሰው ቢሮው ተቀምጦ ስለ ብርዱ ሲያነብ ይበርደዋል። ሲበርደው ይገዛል።»

«እኛ እንዲበርደን ማንበብ ያስፈልገናል? መስኮት የለንም?»

«መሪ ሰፈር ያለ ሰው የእንጦጦን ብርድ ከመስኮቱ አያየውም።»

ይህ ልክ ነበር። ልክ ስለነበረም ወዲያው የእኔ ሐሳብ ሆነ።

ሰናይት የደንበኞቼንና የሰፈሩን ሰዎች አድራሻ ሰበሰበች፤ ራሱ ኢሜይል የሌለው የልጁን ሰጠ። ከዚያ አንድ ጽሑፍ አዘጋጅታ አሳየችኝ። «ብርዱ መጣ። እርስዎስ ተዘጋጅተዋል? የእንጦጦን ብርድ የሚችል ካፖርት ፈረንሳይ ለጋሲዮን ያገኛሉ» ይላል፤ ከሥሩ ዋጋ፣ ከዋጋው ሥር ስልክ።

«ይህ ደብዳቤ ነው ወይስ የታክሲ ረዳት ጥሪ?» አልኳት።

«አባዬ፣ እንዲህ ነው የሚጻፈው። አጭር።»

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው ደሜ የሚፈላው። ሰው ለሰው ሲጽፍ መጀመሪያ ጤና ይጠይቃል። ከዚያ ስለ ራሱ ይናገራል። ከዚያ ስለ ዘመኑ ያወራል። ገና እንደምን ከረማችሁ ሳይሉ «ይህን ያህል ብር አምጣ» ማለት ጨዋ ያሳደገው ሰው ሥራ አይደለም። ደብዳቤ ላይ ዋጋ መጻፍማ ልመና ነው። ሰናይት ስትሄድ የአድራሻውን ዝርዝር ይዤ ወደ ኢንተርኔት ቤት ወረድኩና በሁለት ጣቶቼ፣ ማንም ሳይረዳኝ፣ የራሴን ጻፍኩ። ቃል በቃል ይኸውላችሁ፤

«ለተከበራችሁ ወዳጆቼ። ከሁሉ አስቀድሞ ለጤናችሁ እንደምን ከርማችኋል? እኔ ከዚህ ክረምት በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ወዳጆቼ ሆይ፣ ዘንድሮ በእንጦጦ ግርጌ የወረደብንን ብርድ በምን ቃል ልግለጽላችሁ? ሰማዩ ጨክኖብናል። የእንቁላል ያህል በረዶ ወርዶ ጣሪያችንን ወንፊት አድርጎታል። ከተራራው የሚመጣው ንፋስ የሽማግሌ አጥንት ይሰብራል። ጥርሳችን እርስ በርሱ እየተጋጨ እራት መብላት አቅቶናል። ያለ ካፖርት ይህን ክረምት የሚሻገር ፍጡር የለም። እናንተም አስቡበት። አክባሪያችሁ።»

ከሥሩ ስሜን አኖርኩ። በእርግጥ በረዶው አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጣሪያዬን አንኳኩቶ የሄደ የሽንብራ ፍሬ ነበር። ግን ጸሐፊ ሽንብራ እንዳየ ሽንብራ ብሎ ከጻፈ ምን ጸሐፊ ነው? ኢንተርኔት ቤቱን የምትጠብቀው ልጅ ከትከሻዬ በላይ አንብባ ዓይኗ እንባ አቀረረ። እሷን ያስለቀሰ ጽሑፍ መሪ ሰፈርን ያንቀጠቅጣል ብዬ «ላክ» የሚለውን ተጫንኩ። ኔትወርኩ ሄደ። ተመለሰ፤ ተጫንኩ። ሄደ። የዚያን ዘመን ኔትወርክ ታውቁታላችሁ፤ እንግዳ ሆኖ መጥቶ ቁጭ በል ሲሉት የሚነሳ። ተናድጄ ደጋግሜ ተጫንኩት። ለካ ሁሉም ሄዷል። ለሰው ሁሉ ያው ጭንቀቴ አምስት አምስት ጊዜ ደረሰው።

በማግስቱ ፀሐይ ወጣች። በክረምት እምብርት፣ ስንት ቀን ጠፍታ ከርማ፣ እኔ ስለ ብርድ በጻፍኩ ማግስት እንደ ጥር ቀን ፏ አለች። ሱቄን ከፍቼ፣ ካፖርቶቹን አራግፌ፣ ፂሜን ተላጭቼ ደንበኛ ጠበቅሁ።

መጀመሪያ የመጣችው ጎረቤታችን ወይዘሮ ዘነበች ናት። ነጠላዋን እንደ ልቅሶ ደራሽ አዘቅዝቃ፣ ልጇ ከቢሮ አትሞ ያመጣላትን ወረቀት በእጇ ይዛ፣ ሌላ እጇ ላይ ድፎ ዳቦ።

«እንኳን እርስዎ ተረፉ፤ ንብረት ይተካል» አለችና ተቀመጠች።

«ወይዘሮ ዘነበች፣ እኔ ደህና ነኝ።»

«አዎ፣ እንዲህ ነው የሚባለው። ልጄ ሲያነብልኝ አላስችል ብሎኝ አለቀስኩ። ከግድግዳው ወዲያ እያለሁ ሳልሰማ።» ጣሪያውን ቀና ብላ አየችው። «አይታይም እንጂ እንዲህ ያለው ቀዳዳ ነው የሚያስቸግረው።»

ማታ ማታ እንዴት እንደምንተኛ ጠየቀችኝ። ምን ልበላት? ውሸቴን ነው ካልኳት ሰፈሩ ከዚያ በኋላ የጨርቅ ልኬን እንኳ አያምነኝም፤ ካፖርት የማይሸጥ ውሸታም ልብስ ሰፊ ማለት ለጁስ ቤት በሩን ከፍቶ የሚያሳልፍ ማለት ነው። እውነት ነው ካልኳት ደግሞ ዳቦውን መብላቴ ነው። ዳቦውን በላሁ። መቼስ ከገባች አይቀር ዓይኗን ወደ ዕቃው ልመልስ ብዬ፣ «እስቲ እነዚህን ካፖርቶች ይመልከቷቸው» አልኳት።

መስቀያውን አይታ ደረቷን መታች። «ውይ፣ ሰው እንዴት ደግ ነው። ይህን ሁሉ አመጡልዎት?»

ከዚያ በኋላ ማን ያቆመው። ብርድ ልብስ የያዘ መጣ፣ ሻማ የያዘ መጣ፣ ጋቢ ያጠፈ መጣ። ከመሪ አንድ የቀድሞ ደንበኛዬ ከጸሎት ወዳጆቹ ጋር በመኪና መጣ። «ጋሼ፣ ይቀመጡ፤ ስለዚህ ቤት እንጸልያለን» ብሎ እጁን ጣሪያው አቅጣጫ ዘረጋ። እነሱ ሲዘምሩ ወይዘሮ ዘነበች ከውጭ ሆና በእመቤታችን ስም የራሷን ትጸልያለች። በሁለቱም ወገን እንዲህ የተጸለየለት ጣሪያ በየካ ውስጥ ያለ አይመስለኝም፤ ያውም ምንም ያልሆነ ጣሪያ። ሲሄዱ አንድ ጆንያ ልባሽ ልብስ ትተውልኝ ሄዱ። ልብስ ሰፊ ነኝ እኮ። ለልብስ ሰፊ ልባሽ።

እፎይ ለማለት እንኳ ጊዜ ሳላገኝ አቶ ተሰማ ደረሱ። ጡረተኛ ናቸው፤ ረጋ ያሉ፣ የሚናገሩትን መዝነው የሚናገሩ ሰው። ካፖርት በክንዳቸው ላይ አጥፈዋል።

«አሮጌ ነው፤ ቅር እንዳይልዎት» አሉኝ። «ግን ብርድ አያስገባም። የሰፋው ማን እንደሆነ ረሳሁት እንጂ ብርቱ ሰው ነበር።»

ገለበጥኩት። ገበሩን አየሁት። የቁልፍ ቀዳዳውን አየሁት። አንድ ክር አልተነቀለም፤ ኮሌታው ዛሬ የተተኮሰ ይመስላል።

«አቶ ተሰማ፣ ይህን የሰፋሁት እኔ ነኝ።»

«እንግዲያማ ልክዎ ይሆናል» አሉና አለበሱኝ።

ከዚህ በላይ ምን ይደረጋል? ደስ ይበለኝ ወይስ ልናደድ? ሁለቱንም ሆንኩ፤ ግን ንዴቱ ቀድሞ ደረሰ። እንዲያ የሚያምር ካፖርት የሠራ ሰው በገዛ ካፖርቱ ይታዘንለታል? አስካለ ከጓዳ በር ላይ ቆማ አፏን በነጠላዋ ሸፍናለች። እያለቀሰች መስሏቸው አቶ ተሰማ አጽናኗት።

«መስቀያውማ ሞልቶ ፈሰሰ» አለችኝ ሲሄዱ። «እኔ ይውጡ ነበር ያልኩት።»

በሦስተኛው ቀን የወረዳው ሰው መጣ። ፋይል በብብቱ ይዟል። የተቀመጠበትን ወንበር ጠርጎ ተቀመጠ።

«አባት፣ በረዶ ጉዳት አድርሷል ብለው ለሕዝብ ያሰራጩት እርስዎ ነዎት?»

«ደብዳቤ ነው የጻፍኩት። ለወዳጆቼ።»

«በወረዳችን በዘንድሮው ክረምት የደረሰ ጉዳት የለም። ሪፖርት አድርገናል። እርስዎ ደግሞ እንቁላል ያህል ይላሉ።»

«የዶሮ አላልኩም።»

ፋይሉን ገለጠ። «ስንት ቤት ነው የተጎዳው?»

«የእኔ ብቻ።»

«እንግዲያው የአየር ንብረት ችግር አይደለም፤ የእርስዎ ጣሪያ ችግር ነው» አለና ፋይሉን ዘጋ። ይህ ሰው ደመወዝ ይበላል። ሲወጣ ግን አንድ ካፖርት ዓይኑ ገብቶ ነበር፤ «ለእናቴ ይሆናታል» ብሎ እጅጌውን ዳሰሰው። ላወርድለት ተነሳሁ። ከዚያ፣ «አይ፣ የተጎጂ ዕቃ አልነካም» ብሎ ለቀቀው። አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ሊገዛኝ ነበር፤ ሐቀኛ ሆነብኝ።

እሑድ ጠዋት ደግሞ ዕድሩ መጣ። ሰብሳቢው አቶ መንገሻ እኩያዬ ናቸው፤ ሰውነታቸው ግን የእኔን ሁለት ያህላል። ከኋላቸው ቆርቆሮ የተሸከሙ፣ መሰላል የያዙ፣ ሚስማር በኪሳቸው የሞሉ ሰዎች።

«አንተ፣ ለኢሜይል ነግረህ ለዕድርህ አትነግርም?» አሉኝ። ተቆጥተዋል። «እኛን ከቁም ነገር ሳትቆጥር ነው መሪ ድረስ የጻፍከው?»

«መንገሻ፣ ጣሪያው ደህና ነው። ሰዎቹን መልሳቸው።»

«ኩራትህን ተወው። ዕድሜ ልክህን እኔ ራሴ እሠራዋለሁ ነው የምትለው። ዛሬ ዕድሩ ይሠራዋል።»

እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩ። ዕድርተኛው በሙሉ እያየኝ ነው፤ ቆርቆሮ ከቤቱ ፈትቶ ያመጣም አለ። አስካለም ታየኛለች። አፌን ዘጋሁት። መሰላሉን ግን እኔ ያዝኩላቸው፤ ምክንያቱም መሰላል አያያዝ የሚያውቅ ሰው በመካከላቸው አልነበረም።

አቶ መንገሻ ወጡ። ላይ ወዲያ ወዲህ ሲሉ ቆርቆሮው አቃሰተ።

«ምንም የለም እኮ» የሚል ድምፅ መጣ። ከዚያ ሁለት እርምጃ። ከዚያ አንድ ታላቅ ድምፅ፤ ከዚያ በሱቄ ውስጥ፣ ከካፖርቶቹ በላይ፣ እስከ ጉልበቱ የወረደ እግር ቡናማ ካልሲ አጥልቆ ተንጠለጠለ።



«አገኘሁት» አሉ አቶ መንገሻ ከላይ። «ቀዳዳው እዚህ ጋ ነው።»

ሠሩት። ከሰዓት በኋላ ድረስ ደበደቡት። እኔ በገዛ እጄ፣ ያለ አንድ ጠብታ፣ ስንት ክረምት ያሳለፍኩትን ጣሪያ እንደ ከበሮ ደበደቡት። ሲጨርሱ ተመራረቅን፤ ጠላ ቀዳንላቸው። ሰኞ ዝናቡ ተመለሰ፤ ተመልሶም በአዲሱ ቆርቆሮና በአሮጌው መካከል ባለው ስንጥቅ በኩል ቀጥታ ወደ ስፌት መኪናዬ ገባ። ሰማዩ እንኳ ደብዳቤዬን አንብቦ የጻፍኩትን እውነት ሊያደርግልኝ ነው የመጣው፤ አንድ ሳምንት ዘግይቶ።

መስከረም ገባ። ዝናቡ አላቆመም፤ ካፖርቶቹም አልወጡም፤ እንዲያውም በዙ። የለጋሽን ዕቃ መመለስ ስድብ ነው፣ መሸጥ ነውር ነው፣ መልበስ ሽንፈት ነው። ከመስቀያው ሥር ምንጣፍ አንጥፌ ከመርኩና ለደመራው ዋዜማ ደረስን። አስካለ ክፍሏን ጠረገች። ስትጠርግ አላየችኝም፤ እኔም አላየኋት። መቀሴን፣ ሜትሬን፣ የካውያ ጨርቄን በአንድ ካርቶን አኖርኩ። የስፌት መኪናዬ ላይ ባልዲ ተቀምጧል፤ ጠብ፣ ጠብ ይላል።

ሚኪያስ በዝናብ መጣ። የሚንኮሻኮሽ አዲስ ጃኬት እስከ አገጩ ለብሷል፤ ኮፍያው ግንባሩን ሸፍኗል። በሩ ላይ ቆሞ አልገባም።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ክፍሏን ትቻታለሁ።»

«ለምን?» አለች አስካለ፤ መጥረጊያው በእጇ ነው።

«የጋሼን ኢሜይል አነበብኩት።» ለካ ሰናይት አድራሻ ስትሰበስብ የእሱንም ካርድ ከመደርደሪያው አንስታ ጨምራዋለች። «አምስት ጊዜ ደረሰኝ። አምስቱንም አነበብኩ። እማማ፣ ጥርሱ ተጋጭቶ እራት የማይበላ ሰፈር ላይ ቀዝቃዛ ጁስ ለማን እሸጣለሁ? ለጓደኞቼም አሳየኋቸው፤ ‹ሞኝ ነህ እንዴ› አሉኝ።»

አስካለ ወደ እኔ ዞረች። መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈችና ወደ ጓዳ ገባች። ካርቶኑን በእግሬ ወደ መኪናው አጠገብ መለስኩት። ክፍሏ የእኔ ሆና ቀረች። ደብዳቤዬ ሠራ። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል አንድ አንባቢ እንደ ጻፍኩት አድርጎ ያነበበ ተገኘ፤ በእውነት የበረደው አንድ ሰው።

«ጃኬቱን ከየት ገዛኸው?» አልኩት።

«ሾላ። ኢሜይሉን እንዳነበብኩ ነው የሄድኩት። ሰውነቴን ሁሉ ሲያንዘፈዝፈኝ ጊዜ።»

መስቀያውን አየሁ። እሱን አየሁ። አንድ ሰው አብርጄ አንድ ልብስ አሽጫለሁ፤ ለሾላ። ልክ በዚህ ጊዜ ሊሄድ ዞረና ተመለሰ።

«ጋሼ፣ ይቺ ዚፕ ተይዛብኛለች፤ ያዩልኛል?»

አወለቅሁለት። በሸሚዝ ቆሞ ሲንቀጠቀጥ ማየት አልቻልኩም፤ ከመስቀያው አንድ ካፖርት አውርጄ ትከሻው ላይ ጣልኩለት። ባልዲውን ከመኪናው አንስቼ ዚፑን ፈትቼ ሌላ ሰፋሁለት። ሥራ ካጣ ብዙ ጊዜ ሆኖት ነበርና እጄ ደስ አለው፤ እኔ አላለኝም።

«ሞቀህ?» አልኩት ሳልዞር።

«በጣም፣ ጋሼ። ግን ይሄ የሽማግሌ ነው።» አወለቀና በጥንቃቄ ሰቀለው፤ ጃኬቱን መልሶ ለበሰ። «ስንት ነው የዚፑ?»

ነገርኩት።

ወደ ውጭ፣ ወደ ዝናቡ ተመለከተ፤ ኮፍያውን ሳብ አደረገና ትከሻውን ሰብሰብ አደረገ።

«ጋሼ፣ በዚህ ብርድ? ንፋሱ እኮ አጥንት ይሰብራል። ሰማዩ እንዲህ ጨክኖብኝ እርስዎም ይጨክኑብኛል?»

ቀነስኩለት። እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ይህ ነው።